ለይድነቃቸው፥ ጣርማበርን ሳታልፍ

ከሸዋሮቢት ቆላ፥ በዚያ ስስ ሸሚዝህ
እንዳትመጣ አደራ፤ ጣርማበር ላይ ጉሙ ቀድሞ ነው የሚይዝህ።
ጥር ነው፤ ደብረ ብርሃን ነው።
ጋቢ ያዝ፤ ሁለት ያዝ፤ አንደኛው ላንተ ነው፣
ሁለተኛውን ግን ሳክስፎኑ ይልበሰው።
ናስ ብርድ ከጠጣ ድምፁ ዝቅ ይላል፤
ኪቦርዱ ከላይ፥ አንተ ከታች ሆነህ፥ ሕዝብ ይታዘባል።

ሰኞ መክፈቻ ነው። ንግግር ይበዛል፤
ስፖንሰሩ ሳይቀር ማይክ ጨብጦ ይፈዛል።
«ሁለት ዜማ ብቻ» ይሉሃል ሲጨልም፤
እሺ በል። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር ከተያያዘ የሚቆጥር የለም።

ማክሰኞ ጋሽ ልኬለህ ቤት ነው።
መድረኩ ጥሩ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ጥሩ ነው፤
ሰውዬውም ጥሩ ነው፥ ሒሳብ እስኪደርስ ነው።
ግማሹን ጠይቀው፥ መሣሪያህ ከቦርሳው ሳይወጣ፤
«ነገ» ካለህ ሳቅና ቦርሳህን ይዘህ ውጣ፣
እስከ በሩ ብቻ። በር ላይ ይጠራሃል።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያችው በር ላይ ጠርቶ መልሶኛል።

ረቡዕ ጾም ነው፤ ከተማው ጭር ይላል።
ለልምምድ ይመቻል፤ አጥናፉ ከበሮውን ፎጣ አልብሶ ይመታል፣
የአከራዩ ልጅ ለፈተና ያጠናል።
ማንአህሎሽ ሹራብ ደርባ፥ ማርና ሎሚ ይዛ ትመጣለች፤
አንቺሆዬን ከየት እንደምትነሳ ራሷ ትመርጣለች።
አትከራከራት። አንዴ ተከራክሬ
ግማሽ ቃና ስቼ አመሸሁ፥ ከድምፅ ማጉያው ኋላ፥ አፍሬ።

መብራት ይጠፋል፤ «ምናልባት» አላልኩም።
ጄኔሬተር አለ፤ ናፍጣ ሲገዙ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።
ያኔ ጌታው አንተ ነህ፤ ሳንባ ገመድ አይፈልግምና።
ወንድይራድ ኪቦርዱ ላይ እጁን አጣጥፎ ሲያይህ
አትኩራራበት፤ ነግ ባንተ ነውና።

ቅዳሜ ከእነዋሪ ሠርግ ይደወልልሃል፤
ሙሽራው ነጋዴ ነው፤ የሳምንቱን ክፍያ በአንድ ቀን ይከፍላል።
ሂድ አልልህም፤ አትሂድም አልልህ።
እኔ ሁለቴ ሄጃለሁ። ግንባሬ ላይ ብር ለጠፉልኝ፤
ስንመለስ ደነባ ጋ ሚኒባሱ ቆመ፣
ብሩ ጎማ ሆነ፥ እሑድም ረፈደብኝ።

እሑድን አታምልጥህ። ከቅዳሴ በኋላ፥ አደባባይ፥ በነፃ፤
ፀሐይ አለ፤ ጣት ይፈታል።
ሕፃን ቀርቦ የሳክስፎኑ አፍ ውስጥ እጁን ይከታል።
ተወው።

አርብን አላውቀውም፤ አርብ እተኛለሁ።
ሐሙስን ግን ዘልዬዋለሁ፥ ሆን ብዬ፤ አሁን እነግርሃለሁ።

ሐሙስ የእኛ ምሽት ነው፤ ጋሽ ልኬለህ ቤት፥ ከጓዳው ጎን ባለችው ክፍል።
ፖስተሩ ላይ ስማችን «ሌሎችም» ነው የሚል።
አምና ወንበሩ ሞልቶ ሰው የጠፋበት፣
አንድ ሰው ብቻ ገባ፥ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፥ ሁለት ፈረቃ የተደረበበት።
የሱፍ ብናኝ ቅንድቡ ላይ፥ ውርጭ መስሎ፣
አንድ ድራፍት አዘዘ፤ ሳያጋምስ ተኛ፥ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ።
ለተኛ ሰው ምን ይነፋል?
ባቲን ጀመርኩ፥ ዝግ አድርጌ፣
ድምፁን እንደ ዕንቁላል ይዤ፥ አደግድጌ።
አንድ ሰዓት ነፋሁ። አጥናፉ በብሩሽ ብቻ ተከተለኝ።
ጋሽ ልኬለህ ቤቱን ሊዘጋ፥ ቁልፍ እያንቀጨለ፥ በዓይኑ «በቃ» አለኝ።
አቆምኩ።
ሰውዬው ብድግ! ዓይኑ ደም ለብሶ፥ እንደተዘረፈ ሰው፣
«ማነው ያጠፋው?» አለ። «ማነው? መልሰው!»
ጋሽ ልኬለህ እሱን አየ፥ እኔን አየ፥ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰው።

ስንት ተከፈለህ አትበለኝ፤ ለሐሙስ አልጠየቅኩም።
እስኪነጋ ነፋሁ። ከንፈሬ ለሦስት ቀን ሾርባ እንኳ አልቀመሰም፤ አልቆጨኝም።

እና ሐሙስ ለት ና፤ ቀደም ብለህ ድረስ።
ሁለት ጋቢ ያልኩህን ሦስት አድርገው፤
ብርድ ልብስ ሲሠራ ውሎ በላዩ ጣል የሚያደርጉለት ያጣ
አንድ ሰው አለ፤ ምናልባት ይመለስ።